«ለአንቺ ብለን ነው»

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የጀመረው የጅማ ዝናብ እስከ ማታ አላባራም ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣች አንዲት ወጣት ሐኪም በረንዳዬ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ ውኃ እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለለችውን 8 ገጽ ማመልከቻ ከቦርሳዋ አወጣች። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት፤ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ታክማለች፣ ታስተምራለችም። የሆስፒታሉንም የከተማውንም ስም አልጠቅስም። ወደ እኔ የላካት ሁለታችንንም የሚያውቅ ባልደረባ ሲሆን፣ «እሳቸውም ይኸው ነገር ደርሶባቸዋልና ሄደሽ አማክሪያቸው» ብሏታል።

«ዶክተር፣ አንብበው የጎደለ ካለ ቢጨምሩልኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ክፍሏ የሪዚደንሲ፣ ማለትም ሐኪሞች ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ አስተባባሪነት ቦታ ተለቀቀ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት በምክትልነት የሪዚደንቶቹን ሮቴሽን (በየክፍሉ የሚዞሩበትን ተራ) ስታወጣ፣ የፈተና ጥያቄ ስትሰበስብ፣ ሰው ሲጎድል ዲዩቲ ስትሸፍን የኖረችው እርሷ ናት። ቦታው ግን ከእርሷ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ለተቀጠረ ወንድ ባልደረባ ተሰጠ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ ኃላፊው ኮሪደር ላይ ቆም አለና፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን በዓይኑ እያመለከተ፣ «ለአንቺ ብለን ነው፤ በዚህ ሁኔታሽ ላይ ሸክም መጨመር አልፈለግንም» አላት።

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጥቂት ዝም አልኩ። ከ11 ዓመት በፊት፣ በሌላ ሆስፒታል፣ ከሌላ ሰው አፍ፣ ይህንኑ «ለአንቺ ብለን ነው» የሚለውን ቃል እኔም ሰምቼዋለሁ።

እኔ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ዛሬ ተወልጄ ባደግሁባት ጅማ በግል ሕክምና እሠራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከጅማ ርቆ በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል መጀመሪያ በሪዚደንትነት፣ ኋላም በመምህርነት 9 ዓመት አሳልፌያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የራሴ ታሪክ የዚያ ቤት ታሪክ ነው።

ከልብስ መቀየሪያው ልጀምር። በኦፕሬሽን ክፍሉ መግቢያ ላይ ሁለት በሮች ነበሩ፤ በአንደኛው «ሐኪሞች»፣ በሌላው «ነርሶች» ተብሎ ተጽፏል። «ሐኪሞች» የተባለው የወንዶች መቀየሪያ ነበር። ቤቱ ሲሠራ ሴት ቀዶ ሐኪም ትመጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረምና እኔ ከነርሶቹ ጋር እቀይር ነበር፤ ሲስተሮቹ ከቁም ሣጥናቸው አንዱን መደርደሪያ ለቀውልኛል፣ ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ችግሩ የመደርደሪያ አልነበረም። የማግስቱ ኬዝ የሚከፋፈለው፣ ማን በዋና ኦፕሬተርነት እንደሚገባና ማን ረዳት እንደሚሆን የሚወሰነው፣ ለኮንፈረንስ ማን ይላክ የሚለው የሚነሣው በዚያ በወንዶቹ ክፍል ውስጥ፣ ጫማ ሲፈታና ሱሪ ሲቀየር ነበር። «የታይሮይዷን ነገ አንተ ግባባት» ይባባላሉ፤ እኔ ሞርኒንግ (የሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ) ላይ ስደርስ ነገሩ አልቆ፣ ስሜ ከረዳቶቹ ተርታ ተጽፎ ይጠብቀኛል። ከመካከላቸው ሆን ብሎ ሊጎዳኝ የተነሣ አንድም ሰው እንዳልነበረ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የሪዚደንሲው ዘመን ሲያልቅ ሎግ ቡኬን (የገባሁባቸው ቀዶ ሕክምናዎች የተመዘገቡበትን ደብተር) አብሮኝ በአንድ ዓመት ከገባው ወንድ ጓደኛዬ ሎግ ቡክ ጋር ጎን ለጎን ዘርግተን ስናየው፣ በእርሱ «ዋና» የሚለው ዓምድ፣ በእኔ ደግሞ «ረዳት» የሚለው ዓምድ ሞልቶ አገኘነው። የቀዶ ሐኪም እጅ የሚፍታታው በመሥራት ነው፤ ስለዚህ ያ ዓምድ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የችሎታ፣ ከዚያም አልፎ የበሽተኛ ጉዳይ ነው።

ስለ ጓንቱም ልናገር። የእጄ ልክ 6 ተኩል ነው። መጋዘኑ የሚያስገባው 7 ተኩልና 8 ቁጥር ብቻ ስለነበረ፣ ትርፉ ጎማ በጣቴ ጫፍ ላይ እየተጠቀለለ ደም ሥር ስቋጥር ከክሩ ጋር አብሮ ይያዝ ነበር። ግዢ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ለአንድ ሰው ተብሎ ካርቶን አይገዛም» የሚል ነው። አንድ ቀን አንድ ሲኒየር በራውንድ መሐል፣ እኔ ከኋላ መቆሜን ሳያይ፣ «እጇ ቋጠሮ ላይ ይዘገያል» ብሎ ለሌላው ሲያስረዳ ሰማሁት። ስለ ጓንቱ አያውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ወር ጀምሮ ጓንቴን በራሴ ገንዘብ ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ ሠራሁ።

የሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና አንድ ቦታ ለትምህርት ክፍላችን ሲመጣ ልጄ 7 ወሯ ነበር። ከተወዳደርነው ሦስት ሰዎች በአገልግሎት ዘመንም፣ በታተመ ጽሑፍም፣ በተማሪዎች ምዘናም የምቀድመው እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምለው በግምት ሳይሆን የሦስታችንንም ፋይል አንድ ላይ ተቀምጠን ስላዘጋጀን ነው። ዕድሉ ለሌላው ተሰጠ። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘልኝ። «ልጅሽ ገና ጨቅላ ናት፤ ለአንቺ ብለን ነው፤ ያንቺም ጊዜ ይመጣል» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ልጄን ማን እንደሚይዝልኝ ከመካከላቸው የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እናቴ ከጅማ መጥታ አብራኝ ልትሄድ ተሰናድታ ነበር፤ ባለቤቴም ተስማምቶ ነበር። በቤታችን ተመክሮበት ያለቀውን ጉዳይ ኮሚቴው እኔ በሌለሁበት እንደ አዲስ አንሥቶ ፈረደበት። የተመረጠው ባልደረባዬም የሦስት ወር ሕፃን አባት ነበር፤ ስለ እርሱ ልጅ ግን ማንም ምንም አላነሣም።

ከሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤው እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ብዙ ተመላልሼ ያገኘሁት አንድ ገጽ ሲሆን፣ የእኔን ጉዳይ የሚመለከተው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ «በስፋት ውይይት ከተደረገበት በኋላ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል» ትላለች። ሻይ እየጠጣን በአፍ የተነገረኝ ምክንያት ወረቀቱ ላይ የለም። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ስጽፍ ታዲያ በእጄ የነበረው ማስረጃ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ከ5 ወር በኋላ «የትምህርት ክፍሉን ውሳኔ የሚያስለውጥ ማስረጃ አልቀረበም» የሚል መልስ መጣልኝ። የተመረጠው ባልደረባዬ በዚያን ጊዜ ሥልጠናውን ከጀመረ ሰንብቷል።

በሕክምና ትምህርት ቤቶች የሴት ሐኪሞች የአድልዎ አቤቱታ የሚወድቀው በዚህ ነጥብ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አድልዎው የሚፈጸመው በንግግር ነው፤ በልብስ መቀየሪያ፣ በኮሪደር፣ በሻይ ሰዓት። አቤቱታው የሚዳኘው ግን በወረቀት ነው። የወሰነው አካል ምክንያቱን የመጻፍ ግዴታ እስካልተጣለበት ድረስ፣ የተበደለችው ሴት ያልተጻፈ ነገር አስረጂ ትባላለች።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ እንደሚያገኙ፣ ካለፈው ታሪካዊ በደል የተነሣም ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው በግልጽ ይናገራል። በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 አገራችን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ማናቸውንም አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ተቀብላዋለች። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ደንግጎ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ከነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች ውስጥ «ልትወልድ ነውና ይለፋት» የሚል አንድም የለም። የወሊድ ፈቃድ በሕግ መብት ሆኖ ሳለ፣ በሹመትና በሥልጠና ጊዜ በእናቲቱ ስም እንደተመዘገበ ዕዳ ይታሰባል።

ወጣቷ እንግዳዬ «ይህ የእኛ አገር ነገር ነው እንጂ ውጭ አገር እንዲህ አይደረግም» አለችኝ። ይህ አስተሳሰብ ሁለት ጊዜ ስለሚጎዳን አልወደውም፤ አንድም ራሳችንን እንድንንቅ፣ አንድም ሌሎች የሄዱበትን መንገድ እንዳናይ ያደርገናል። ስለዚህ የስዊድንን ነገር ነገርኳት። ክሪስቲን ቬንኔሮስና አግኔስ ቮልድ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪ ሴቶች የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ገምጋሚዎች እንዴት ነጥብ እንደሚሰጡበት ለማወቅ ፈለጉ። ምክር ቤቱ ሰነዱን አላሳይም ሲል ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በስዊድን ሕግ የግምገማው ወረቀት ሕዝብ ሊያየው የሚገባ ሰነድ ነው ተብሎ ተወሰነላቸውና በእጃቸው ገባ። ውጤቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙት፤ አንዲት ሴት አመልካች ከወንድ አመልካች እኩል የብቃት ነጥብ ለማግኘት ከእርሱ 2 ተኩል ጊዜ ያህል የበለጠ የምርምር ሥራ ማቅረብ ነበረባት። በዚያው ጥናት ከገምጋሚዎቹ አንዱን የሚያውቅ አመልካች ከወንድነት ጋር የሚስተካከል ተጨማሪ ነጥብ ያገኝ እንደነበረም ታይቷል። «ሰው ያለው» የሚባለው ነገር በእኛ ብቻ ያለ መስሏት የነበረችው ልጅ ይህን ስትሰማ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ስዊድን በፆታ እኩልነት ስሟ የተጠራ አገር ናት፤ እዚያም ቢሆን እውነቱ የታወቀው በመልካም ፈቃድ ሳይሆን ወረቀቱ በግድ ስለወጣ ነው።

«ትወልዳለች» የሚለውን ምክንያት በተመለከተ ከጃፓን የባሰ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ እንደሆነው የቶኪዮ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ከ2006 ጀምሮ በመግቢያ ፈተና የሴት አመልካቾችን ውጤት በስውር ሲቀንስ ኖሯል፤ የተሰጠው ሰበብም ሴት ሐኪሞች አግብተው ሲወልዱ ሥራ ይለቃሉ የሚል ነበር። በ2022 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ለ27 ሴቶች ካሣ እንዲከፍል ፈርዷል። ገና ያላገባች፣ ምናልባትም ጨርሶ የማትወልድ የ18 ዓመት ልጅ ስለ ወደፊት ልጇ ሲባል ነጥብ ተቀነሰባት ማለት ነው። የእኛዎቹ ኮሚቴዎች ቁጥር አይሰርዙም፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው።

ሐሜትን ሳላነሣ አላልፍም። በሴት ሐኪም ላይ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ የሚከብደው «እንዴት እዚህ እንደደረሰች እናውቃለን» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም የሚመለስ ጥያቄ የለበትም። በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የአናቶሚ መምህር የነበሩት ዶክተር ጂን ጁ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ግንኙነት ስላላት ነው ያደገችው የሚል የሐሰት ወሬ ለዓመታት ሲናፈስባቸው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የሙሉ ፕሮፌሰርነት ዕድገታቸው ተከለከለ። ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። በ1990 የፌዴራሉ ዳኛ ወሬው ራሱ በፆታ ላይ የተመሠረተ ጥቃት መሆኑን፣ ዩኒቨርሲቲውም እያወቀ አለማስቆሙን አረጋግጦ፣ ፕሮፌሰርነታቸው ከ1984 ጀምሮ እንዲታሰብላቸው ፈረደ። ይህን ፍርድ መጀመሪያ ያነበብኩት የራሴ አቤቱታ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐሜት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር እንጂ እንደ በደል አይታይምና «ናቂው፣ ተዪው» ይባላል። ሐሜቱ ድምፅ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ከገባ ግን የሚናቅ ነገር አይደለም።

ለምን ምስክር እንደማይገኝ ከሙያችን ውጭ ላለ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ አስተማሪሽ፣ አለቃሽ፣ ፈታኝሽ፣ ለውጭ ሥልጠና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽና የምርምር ሐሳብሽን የሚገመግመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ስፔሻሊቲው ጠባብ ከሆነ ደግሞ በአገሪቱ ያሉት ባለሙያዎች በሙሉ ይተዋወቃሉ፤ በአንድ ከተማ «አስቸጋሪ ናት» የተባለች ሐኪም ሌላ ከተማ ስትደርስ ስሟ ቀድሟት ይገባል። እኔ አቤቱታዬን ሳስገባ አምስት ሰዎች በግል «እውነትሽን ነው» ብለውኛል፤ ሊፈርም የመጣው ግን አንድ ወንድ ባልደረባ ብቻ ነበር። ስብሰባው ላይ ስለ ልጄ የተባለውን እንደሰማ ጽፎ ፈረመልኝ፤ ኮሚቴው «አንድ ምስክር አይበቃም» ብሎ አለፈው። እርሱ ግን ለሁለት ዓመት የሌሊት ዲዩቲው እየበዛበት ኖሯል። ውለታውን ዕድሜዬን ሙሉ አልከፍለውም።

ከሴት ሲኒየሮቻችን የተቀበልኩት ምክር ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕመም ነበረው። አንዲት በጣም የማከብራቸው ሐኪም «እኛም በዚሁ አልፈናል የኔ ልጅ፤ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ያለፉበትን ስለማውቅ አልተቀየምኳቸውም። ነገር ግን እርሳቸው ዝም ብለው ባለፉበት ኮሪደር እኔ ቆምኩ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ ይህች ልጅ ቆመች።

በአደባባይ ስለዚህ ጉዳይ ስናገር ከሚቀርቡልኝ መከራከሪያዎች አንዱ የጤና ሚኒስቴር ነው። እውነት ነው፤ ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ሚኒስቴሩን በተከታታይ የመሩት ዶክተር ሊያ ታደሰና ዶክተር መቅደስ ዳባ ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሴቶች ናቸው። ዶክተር ሊያ የሕክምና ዲግሪያቸውን ያገኙትም በዚሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እኛ ጅማዎች በኩራት እናነሣዋለን። ይሁን እንጂ የሚኒስትር ሹመት በትምህርት ክፍል ድምፅ አይሰጥም። የአንዲት ሐኪም የሙያ ዕድል የሚወሰነው ሰባት ወይም ስምንት ሰው በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሴት አለች ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሌላው መከራከሪያ «ደመወዝ በእስኬል ነው፣ ወንድም ሴትም እኩል ይከፈለዋል» የሚለው ነው። በአሜሪካ የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ሐኪሞችን ደመወዝ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜ፣ ልምድ፣ ስፔሻሊቲና የታተመ ሥራ ሁሉ ተመዛዝኖ እንኳ ሴቶቹ በዓመት ወደ 20,000 ዶላር የሚጠጋ ያነሰ እንደሚከፈላቸው አሳይቷል። በእኛ የመንግሥት እስኬል እንዲህ ያለ ልዩነት በደመወዝ ዓምድ ላይ አይታይም። የሚታየው በጎኑ ነው፤ በፕራይቬት ዊንግ (በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በክፍያ በሚሰጥ የግል ሕክምና) ተራ፣ በምርምር ፕሮጀክት፣ በሥልጠና አበል፣ ወደ ውጭ በሚላክ ሰው ስም ዝርዝር ላይ። እነዚህን የሚያከፋፍለው እስኬል ሳይሆን ሰው ነው።

በሽተኞች «ሲስተር» ብለው ስለሚጠሩን ቅር የሚላቸው ባልደረቦች አሉኝ። ባለፈው ወር ከዴዶ የመጡ አንዲት እናት የሐሞት ከረጢታቸውን ካወጣሁላቸው በኋላ፣ በማግስቱ የቁስላቸውን ፋሻ ስቀይር፣ «ሲስተር፣ ያ ያዳነኝ ዶክተር መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ከጎኔ የቆመውን ወንድ ነርስ ነበር ዶክተር የሚሉት። እኔ ነኝ ስላቸው እጄን ይዘው ሳሙት። ይህ የአገር ልማድ ነው፤ በአንድ ቀን ትውውቅ ይፈታል፣ የነርስ ስምም ስድብ አይደለም። አቤቱታ ውስጥ እንዲህ ያለውን መጻፍ ግን ዋናውን ጉዳይ ያቀልለዋል። የእንግዳዬ 8 ገጽ ማመልከቻ ውስጥ ሦስቱ ገጾች የዚህ ዓይነት ነበሩ።

ስለዚህ የጎደለውን ጨምሩልኝ ብላ የመጣችውን ልጅ እንቀንሰው አልኳት። ሁሉም መከልከል አድልዎ አይደለም፤ የተሻለ ሰው ተመርጦ ሊሆንም ይችላልና ይህን አስቀድመን በሐቀኝነት መረመርነው። የእርሷንና የተመረጠውን ባልደረባ የቅጥር ዘመን፣ የማስተማር ሰዓት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሠሩትን ሥራና የታተመላቸውን ጽሑፍ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀመጥን። በጽሑፍ ብዛት እርሱ በአንድ ይበልጣታል፤ እርሱንም ሳንደብቅ ጻፍነው። ቀጥሎ በኮሪደር የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ በአጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ ያለ አንዳች ቅጽል አሰፈርነው። «በጣም አዝኛለሁ»፣ «ሞራሌ ተነክቷል» የሚሉት ወጡ። ልጅቷ እነዚያን ስሰርዝ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «እውነት እኮ ነው» አለችኝ። እውነት መሆኑን አውቃለሁ። እኔም በራሴ ማመልከቻ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ሐዘኔን ጽፌ ነበር፤ ኮሚቴውም መልስ የሰጠው ለሐዘኔ ነው፣ «ቅሬታ አቅራቢዋ በስሜት» ብሎ። ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ በስሜት ሊለው አይችልም ነበር።

መጨረሻ ላይ ሦስት ነገሮችን ጠየቅን፤ የውድድሩ መስፈርት በጽሑፍ እንዲሰጣት፣ የቃለ ጉባኤው ሙሉ ቅጂ እንዲደርሳት፣ እርግዝናዋ በውሳኔው ውስጥ ግምት ገብቶ እንደሆነ ኃላፊው አዎ ወይም አይደለም ብሎ በፊርማው እንዲመልስ። ይህን ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እኔ ሳልጠይቀው የቀረሁት ጥያቄ እርሱ ነው።

እናቴ ቡና ይዛ የወጣችው በዚህ መሐል ነበር። 78 ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን ደህና ስለሆነ ከውስጥ ሆና ስትሰማን አምሽታለች። ስኒውን ለልጅቷ አቀበለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ ያኔ ሻንጣዬን አስሬ ነበር» አለቻት። «ነጠላዬን አጥቤ፣ ለልጅቱ አጃ አስፈጭቼ። ማን ጠየቀኝ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የአንቺ እናት ማን ናት? የት ትኖራለች? ልጅሽን ትይዝልሻለች ወይ? ብሎ እኔ ዘንድ የመጣ የለም» አለች። ስለዚህ ጉዳይ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስትናገር የሰማኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ የተወሰደብኝ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

8 ገጹ ሁለት ገጽ ተኩል ሆኖ ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡም ቆሟል። እሑድ ጠዋት ኮምፒውተር ቤት ሄደን አስጻፍነውና በአራት ኮፒ አወጣነው፤ አንዱ ለዲኑ፣ አንዱ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው፣ አንዱ ለሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱ፣ አራተኛው መዝገብ ቤት ማኅተም አሳርፋበት ለራሷ የምታስቀረው። መናኸሪያ ሸኘኋት። ሆዷን በአንድ እጇ፣ ፖስታውን በሌላው ይዛ መኪናው ውስጥ ስትገባ ረዳቱ ቦርሳዋን ተቀበላት፤ ፖስታውን ግን አልሰጠችውም።

ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ መጀመሪያ «ኃላፊው ሳያዩት አልቀበልም» ብላት እንደነበረ፣ እርሷም በሕግ የመቀበል ግዴታ እንዳለባት በትሕትና ነግራት ቁጭ ብላ እንደጠበቀች አጫወተችኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተቀበለቻት። «ዶክተር፣ ማኅተሙ አርፎበታል፣ የገቢ ቁጥርም ተሰጥቶታል» አለችና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኔም በጠረጴዛዬ ላይ በነበረው የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ቀኑን ጨምሬ ጻፍኩት።